ድንጋይ ተሸክሞ የተባለ ቃል

ያንን ቃል ለወንድሜ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ወሬ ስለምወድ ዞሬ ዞሬ መጨረሻ ላይ ላደርሰው እችላለሁ፤ እስከዚያ ደግሞ አንባቢ ሌላ ሰው ሲወቅስ ይቆያል። ቃሉ አጭር ነው፦ «ልገድልህ ነበር፣ እግዜር እጄን ያዘው።» ወንድሜ ይህን ሲል ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በመታው ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ለይቅርታ የተባለ ቃል ነው። በኋላ ግን ፍርድ ቤት ገባ፤ እዚያ ሲደርስ ይቅርታነቱ ቀረ።

የምኖረው ላሊበላ ነው። ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት በረንዳ ላይ በስፌት መኪና እሠራለሁ። እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ ሥራዬ የቀሚስ ጥልፍ ነበር፤ አሁን የተማሪ ዩኒፎርም ጉልበት መጣፍ ይበዛል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ ይኸው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ምድጃ ዳር አመዱን በመዳፉ ይደለድልና በስንጥር ይጽፍልኛል፤ እኔ ደግሞ በልዋጩ ተረት እነግረዋለሁ። «እትዬ፣ ዛሬ አራት ፊደል ነው ያስያዝኩሽ፤ አጭር ተረት አልቀበልም!» ይለኝ ነበር። እንዲህ ስንደራደር እኔ ማንበብ ቻልኩ። አባታችን ሲሞት እሱ ትምህርቱን ትቶ ወደ እርፍ ዞረ፤ እኔ ወደ ከተማ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳልጨርስ አልጥልም።

የወንድሜ እርሻ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከገደል ሥር ነው። ከገደሉ የምትወጣ ምንጭ አለች፤ በቦይ ተስባ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ታጠጣለች። ውሃው በተራ ነው። የገደሉ ጥላ ቦዩ አፍ ላይ ያለችውን ጥቁር ድንጋይ ሲነካ የአንዱ ተራ ያልቃል፣ የሌላው ይጀምራል። ይህን የሚጠብቁ የውሃ አባት አሉ። አገሩ የመረጣቸው ሽማግሌ ናቸው፤ «ደርሷል» ካሉ ደርሷል፣ «ገና ነው» ካሉ ገና ነው።

ያን ቀን ደመና ነበር። ጥላ ከሌለ ሁሉም ሰው ሰዓቱን በሆዱ ነው የሚቆጥረው። ለጎረቤቱ ተራው ደርሷል፤ ለወንድሜ ገና ነው። የውሃ አባቱ ከላይ እየወረዱ ሳለ አንዱ ቦዩን በጭቃ ሲዘጋ ሌላው ሲከፍት ስድብ ተጀመረ። ጎረቤቱ ድንጋይ አነሳ። ወንድሜ አካፋ ይዞ ነበር፤ በእጀታው ሁለት ጊዜ መታው። አንዱ ክንዱን ሰበረው፣ ሁለተኛው ከጆሮው በላይ ተረተረው። ደሙን ሲያይ አካፋውን ወረወረና የገዛ ኩታውን ቀዶ ቁስሉን ያሰረው ያው ወንድሜ ነው። ሽማግሌው ሲደርሱ ያገኙት መቺና ተመቺ ጭቃ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ራስ ደግፎ ነው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳል። ፖሊስ የራሱን ይጽፋል፣ ሽማግሌ የራሱን ያስታርቃል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ወንድሜ በዋስ ተለቀቀ። ጎረቤቱ ክንዱን በጀሶ አስሮ ከሕክምና ሲመለስ የእርቁ ቀን ተቆረጠ።

በእርቅ ቀን አጥፊው ድንጋይ ይሸከማል፤ ተበዳዩ «አውርደው» እስኪለው ድረስም አያወርድም። ሲናገር ደግሞ ጥፋቱን አያሳንስም። አንድ በግ የነዳ ሰው «በረትህን ባዶ ላስቀር ነበር» ይላል። የሰደበ «ስምህን ከአገር ላጠፋ ነበር» ይላል። ጥፋቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሚምረው ሰው አብሮ ከፍ ይላል፤ ትንሽ ነገር መማር ምን ያስመሰግናል? ይህን እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ቤት ሄጄ ጠየቅኩት።

«ምን ልትል አስበሃል?»

«መታሁህ፣ ይቅር በለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ድንጋዩን ያስወርደኛላ!»

«ይህን ብለህማ እስከ ፋሲካ ተሸክመህ ትቆማለህ። ይሄ እኮ ጨው ያልነካው ሽሮ ነው!»

«እትዬ፣ እኔ እንዳንቺ አፍ የለኝም።»

«አፍማ አለህ፤ አካፋ ከማንሳትህ በፊት ብትጠቀምበት ነበር ደጉ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቃሉን አወጣሁለት፤ ጥልፍ ስሠራ እንደማደርገው መጀመሪያ በአየር ላይ በጣቴ ነደፍኩት። «ወንድሜ፣ ልገድልህ ነበር፣ እግዜር እጄን ያዘው። ደምህን ከራሴ ላይ ያነሳልኝ እሱ ነው፤ አሁን ድንጋዩን አንተ አንሳልኝ። እንዲህ በል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ልገድለው እኮ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። እርቅ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። «እግዜር» ላይ ድምፁን እንዲሰብር እንኳ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት ዋርካ ሥር ያን ሲናገር ያላለቀሰ አልነበረም። የውሃ አባቱ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። የተመታው ሰውዬ በደህናው እጁ ድንጋዩን ራሱ ደግፎ «አውርደው፣ ወንድሜ፣ አውርደው» አለው። እኔ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ አዲስ ቀሚስ እንደለበሰች ልጅ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ ነበር።

ክሱ ሲደርስ «ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ» ይላል። ወንድሜ ጠበቃ አልነበረውም፤ አልፈለገምም። «መምታቴን አልክድ፤ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?» አለ። ዳኛው ሲጠይቁት «መትቼዋለሁ፣ ግን እሱም ድንጋይ አንስቶ ነበር» ብሎ መለሰ። እንዲህ ያለው መልስ በሕግ እንደ ክህደት ይቆጠራል ተባለና ምስክር መሰማት ጀመረ።

የዓቃቤ ሕግ ዋና ምስክር የውሃ አባቱ ነበሩ። ማሉ። የደረሱበትን፣ የክንዱን መሰበር፣ የጭንቅላቱን መድማት ተናገሩ። ከዚያ ዓቃቤ ሕጓ፣ ገና ወጣት ናት፣ «ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?» አለቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ወንድሜን ሊያመሰግኑት ነው፤ እንዴት አድርጎ ይቅርታ እንደጠየቀ አገር እንዲሰማ ፈለጉ። «እንዲህ ያለ ይቅርታ በዕድሜዬ አልሰማሁም» አሉና ቃሉን ከነድምፁ ደገሙት። «ልገድልህ ነበር፣ እግዜር እጄን ያዘው አለው።» ዓቃቤ ሕጓ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ አየሁ። እኔ ሞኟ፣ ቃሌ ችሎት ደረሰ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ዳኛው ወንድሜን «ምስክሩን የምትጠይቀው ጥያቄ አለ?» አሉት።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «እኔ እሳቸውን እጠይቃለሁ እንዴ፣ ጌታዬ? የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው።»

አባት የሚሆነውን ሽማግሌ በሰው ፊት የሚጠይቅ ልጅ በእኛ ዘንድ ያልተቀጣ ይባላል። እንዲህ አለና ተቀመጠ። ከኋላ ሆኜ ሳዳምጠውም ደግ አደረገ ብዬ ነው ያሰብኩት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ገና ቁጭ ሳንል ዓቃቤ ሕጓ ተነሳች። ምስክሩ ከሰጡት ቃል ተከሳሹ የመግደል ሐሳብ እንደነበረው ስለተረዳን፣ ክሱን ወደ ግድያ ሙከራ አሻሽለን አቅርበናል አለች። ወረቀቱ ለዳኛው ተሰጠ። ለወንድሜም አንድ ቅጂ ሰጡት፤ ገልብጦ ይዞት ነበር። ክሱ እንደ አዲስ ተነበበ። ያው ቀን፣ ያው ቦይ፣ ያው አካፋ ነው፤ ግን ሰውየው ሌላ ሆነ። ወንድሜ ዞሮ እኔን ፈለገኝ። ዓይኑን ሳገኘው ምን እንደሚለኝ ገባኝ፦ ቃሉ ያንቺ ነው። ዋስትናው ተነሳ፤ ከዚያው ወሰዱት። ጠበቃ መንግሥት ያቆምለታል ተባለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። የስፌት መኪናዬ ፊት አልረጋም፤ ፔዳሉን ረግጬ መርፌው ሳይወርድ ተነሥቼ እወጣለሁ። ገበያ እሄድና የሄድኩበትን እረሳለሁ። አንድ የተማሪ ሱሪ ላይ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ ሰፍቼ አስረከብኩ፤ እናትየዋ «እቴ፣ ልጄ እየዘለለ ነው እንዴ ትምህርት ቤት የሚሄደው?» ብላ መለሰችልኝ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል የማየው ሌላ ሰው ሲወድቅ ነው።

ማረሚያ ቤት ስጠይቀው ከሽቦው ወዲያ ማዶ ሆኖ ይቀልዳል። «ነጭ ሽንኩርት ትከል ብለውኝ ተክዬ፣ ሊበስል ሲል ድንች አምጣ አሉኝ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ያን ጊዜ በግድያ ነው የምትከሰሰው ቢሉኝ ኖሮ የውሃ አባቱን በእግዜር ስም ብዬ እጠይቃቸው ነበር። ነውር ነው ብዬ ዝም አልልም ነበር። በክንድ ነው የከሰሱኝ፤ ለክንድ ዝም አልኩ።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሕግ ባላውቅም ይህ አንገበገበኝ። ሰው ዝም የሚለው የተጠየቀውን መዝኖ ነው። ዝም ካለ በኋላ ጥያቄውን ማክበድ ምን ይባላል?

በዚያው ሰሞን አንድ ጥቁር ካባ ጠርዙ ተተርትሮ ለጥገና መጣ። ያመጣችው ሠራተኛ የማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ሳየው አወቅሁት። ወንድሜን የከሰሰውን ካባ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠርዙን ሰፋሁ። ስፌቱን አላበላሸሁም፤ እንዲያውም ከሌላው ሁሉ አሳምሬ ሠራሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልትወስድ ዓቃቤ ሕጓ ራሷ ስትመጣ አየችኝና ደነገጠች።

«እህቱ ነሽ። ባውቅ አላመጣም ነበር።»

«መርፌ ዘመድ አይለይም፣ ልጄ።»

«ስለ ጉዳዩ ከአንቺ ጋር መነጋገር አልችልም።»

«ስለ ጉዳዩ አላወራሽም። እንዲያው በደፈናው ልጠይቅሽ፤ ሰው ለአንዱ ነገር መልሶ ሲጨርስ ሌላ ነገር መጠየቅ ደግ ነው?»

ካባዋን አጣጠፈች። ከዚያ ቀና ብላ «የተመታው የአንቺ ወንድም ቢሆንስ?» አለችኝ። «አንድ ሰው ቆሞ ‹ልገድለው እንደነበር በጆሮዬ ሰማሁ› ቢልሽ፣ ክሱ አንዴ ተጽፏል ብዬ ዝም ብል ትወጂኝ ነበር?»

  እውነቷን ነው፤ ምስክሩ ተቃራኒውን ተናግሮ ክሱ ቢቀልልን ኖሮ መንገድ ላይ መቀየሩን ፍትሕ ብዬ እልል እል ነበር። ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ክፋቱ መቀየሩ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ። ከተቀየረ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ምስክሩን መጠየቅ ይቻላል ወይ? ጭንቁ ይሄ ነው።

የቆመልን ጠበቃ ጉልበቱ ላይ የፋይል ቁልል የማያጣ ቀጭን ሰው ነው። ይህንኑ ጠየቅኩት።

«ይቻላል» አለኝ። «ክስ ሲሻሻል የተሰሙት ምስክሮች ተመልሰው እንዲጠየቁ ማመልከት እንችላለን። ሽማግሌው ግን መጥተው መቆም አለባቸው። የተጻፈው ቃላቸው ብቻውን ከቀረ አደጋ ነው።»

«ያን ቃል ያስጠናሁት እኔ ነኝ ብልህስ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እስካሁን የት ነበርሽ?»

«ሳፍር።»

ሽማግሌው እግራቸው አብጦ ገነተ ማርያም ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር። መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ በእግሬ ወረድኩ። ስደርስ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው። እግራቸውን ስሜ ነገሩን ነገርኳቸው። ክሱ መቀየሩን አልሰሙም ነበር፤ ሲሰሙ በትራቸውን ጨበጡ።

«እኔ ላመሰግነው ነው የተናገርኩት!»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። አሁን ተመልሰው ይጠየቁልን።»

«አይሆንም። አንዴ ምያለሁ። ሁለተኛ ምዬ ቃሌን ልጠፍ? በስተርጅና አባይ ልባል?»

«ቃልዎን አያጥፉም። ሰምተዋል፤ ሰምቻለሁ ይበሉ። ያልተጠየቁትን እንዲጠየቁ ነው።»

«ሰውየው ‹ልገድልህ ነበር› ብሏል፣ ልጄ። ከልቡ ነው ያለው። እኔ ዓይን አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ልብሴን እንደማወልቅ ሆኖ ተሰማኝ። «ቃሉ የእኔ ነው፣ አባቴ። በዋዜማው አስጠናሁት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።»

 ዝንብ እግራቸው ላይ ሲያርፍ እንኳ አላባረሩም። «ያነባሁት በአንቺ ቃል ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እሱ ራሱ ምን ሊል ነበር?»

«መታሁህ፣ ይቅር በለኝ።»

«ይሄ ምን አነሰው?»

ይህን ሲሉኝ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ጀመሩ። «ያን ቀን ደመና መሆኑን እያየሁ ቀድሜ መውረድ ነበረብኝ። ጥላ በሌለ ቀን ነው የውሃ አባት የሚያስፈልገው።» ከዚያ በበትራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እመጣለሁ። በቅሎ ፈልጉልኝ። አንቺ ግን ከችሎቱ በፊት ሄደሽ ለተመታው ሰው ንገሪው። ከዳኛ ፊት ሰምቶት እንዳይዋረድ።»

ይህኛው ነው ያስፈራኝ። ወንድሜ ሊገድል ነበር ከተባለ ለዓመታት ይታሰራል፤ ቃሉ የተጠና ነው ከተባለ ደግሞ እርቁ የውሸት ሊባል ነው። በአንድ ጥልፍ ሁለት ቀሚስ አበላሸሁ።

ሰውየው ቤት ስደርስ በአንድ እጁ እንጨት ሊፈልጥ ይታገላል። ክንዱ ድኗል፤ ግን ከትከሻ በላይ አይነሳም፤ ሞፈር ሲይዝ ይከዳዋል። ሚስቱ ከበሩ ቆማ «ምን እግር ጣለሽ?» አለች፤ ግቢም አላለችኝም። እዚያው ደጅ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። መጥረቢያውን ግንድ ላይ ተክሎ አዳመጠኝ።

«ታዲያ እኔ የማርኩት ማንን ነው?» አለኝ።

«ወንድሜን።»

«እሱ ምንም አልነገረኝ። ያወራሽው አንቺ ነሽ።» መጥረቢያውን ነቀለ። «ሂጂ፣ እሺ። ሰምቻለሁ።»

የቀጠሮው ቀን የውሃ አባቱ በበቅሎ መጡ። እንደገና ማሉ። ጠበቃው «ተከሳሹ ‹ልገድልህ ነበር› ሲል ሰምተዋል?» አላቸው።

«ሰምቻለሁ። ዛሬም አልክድም።»

«ቦዩ ጋ ሲደርሱ ምን ሲያደርግ አገኙት?»

«ኩታውን ቀዶ የሰውየውን ራስ ሲያስር።»

«በእርቅ ቀን እንዲህ ያለ ንግግር የተለመደ ነው?»

«ድንጋይ የተሸከመ ሰው ጥፋቱን አያሳንስም፣ ያገዝፋል። እኔ ራሴ በጎልማሳነቴ በከብት ነገር ተሸክሜ ‹ቤትህን ላቃጥል ነበር› ብያለሁ።» ትንሽ አሰቡ። «ክብሪት እንኳ አልነበረኝም።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ከንፈራቸውን ነከሱ። ዓቃቤ ሕጓ ግን ሳትስቅ ተነሳች። «ታዲያ ይህን ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ? ያን ጊዜ ክሱ የክንድ ነበር። ለክንድ ይህ ምን ይጨምራል?»

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ዳኛው «በአጭሩ» አሉኝ። ከተወለድኩ በአጭሩ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ቻልኩ። «ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ‹ልገድለው አልነበረም› ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ በል ያልኩት።»

«ይህን የምትናገሪው ለወንድምሽ ብለሽ አይደለም?» አለች ዓቃቤ ሕጓ።

«ያንንም ያልኩት ለወንድሜ ብዬ ነው። ያኛው ማሳመሪያ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው።»

የተመታው ሰውዬ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ስወጣ በአጠገቡ አለፍኩ፤ አላየኝም።

ፍርዱ እስኪሰጥ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተላለፈ። ያን ጊዜ እንዴት እንደነበርኩ ባወራ አያልቅም፤ ብቻ ጫማዬ ተረከዙ አለቀ። በመጨረሻ ዳኛው አነበቡ። ክሱ መሻሻሉ ሕጉ የሚፈቅደው ነው፤ ነገር ግን ለእርቅ የተባለው ቃል ብቻውን የመግደል ሐሳብን አያስረዳም፤ ወንድሜ ጥፋተኛ የተባለው በመጀመሪያው፣ በአካል ጉዳቱ ነው። እስከዚያ የታሰረው ታሰበለት፤ የቀረው በገደብ ሆነ። ወንድሜ ሲፈቱት እኔን አቀፈኝና ጆሮዬ ላይ «ከእንግዲህ ለኔ አትናገሪልኝ» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው፤ ግን ቀልድ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሱ ድንጋይ አነሳ። ማንም አላዘዘውም፤ የውሃ አባቱም አልነበሩም። እኔና የወንድሜ ሚስት ተከትለነው ሄድን። የጎረቤቱ ደጅ ቆመ። ሰውየው ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ሚስቱ ከኋላው።

«መታሁህ» አለ ወንድሜ። «ክንድህ በእኔ ተሰበረ። ይቅር በለኝ።»

አለቀ። ሌላ የለውም። ሰውየው ክንዱን በሌላኛው እጁ ይዞ ያየዋል።  የወንድሜ አንገት ሥር ቀላ፤ ድንጋዩ በአንድ በኩል ሊያዘነብል ሲል በእጁ መለሰው። እኔ አፌ ውስጥ ስንት ነገር መጣ! ስለ ምንጯ፣ ስለ አባቶቻችን፣ አብረው ስለበሉት ጠበል ጸዲቅ። አንዱን ብወረውር ይበቃ ይመስለኝ ነበር። የነጠላዬን ጫፍ አጥፌ በጥርሴ ያዝኩት። ዶሮ በመካከላቸው አለፈች። የሰውየው ሚስት አንድ ጊዜ ተንፍሳ ወደ ቤት ገባች፤ ተመልሳም ወጣች። ድንጋዩ እንደገና ሊያዘነብል ሲል ወንድሜ በሁለት እጁ ያዘው፤ እኔም ነጠላዬን የበለጠ ነከስኩ።

ሰውየው በመጨረሻ ተነሳ።

«ከብዶሃል» አለው። «አውርደው።»